ሰንደቁና ወረዳው፦ የብሔራዊ ምልክቶችና የመንግሥት አወቃቀር ጥያቄ ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ሲታይ

መግቢያ

ስለ ሰንደቅ ዓላማ በአገራችን የሚደረገው ክርክር ብዙውን ጊዜ ከጨርቁ መካከል ይጀምራል፤ ዓርማ ይኑረው ወይስ አይኑረው በሚል። ስለ መንግሥት አወቃቀር የሚደረገው ክርክር ደግሞ ከላይ ይጀምራል፤ ፌዴራላዊ ይሁን ወይስ አሐዳዊ፣ ፓርላሜንታዊ ይሁን ወይስ ፕሬዚዳንታዊ በሚል። ሁለቱ ክርክሮች በተለያዩ መድረኮችና በተለያዩ ባለሙያዎች ይካሄዳሉ። ሰንደቁ የስሜትና የታሪክ፣ አወቃቀሩ የሕግና የፖለቲካ ሳይንስ ጉዳይ ተደርጎ ተከፍሏል።

የዚህ ጽሑፍ አቋም ይህ ክፍፍል መፍትሔውን አርቆታል የሚል ነው። ዜጋው መንግሥትን የሚያውቀው በሁለት መንገድ ነው፤ አንደኛው በዓይኑ በሚያየውና በጆሮው በሚሰማው ምልክት፣ ሁለተኛው ጉዳዩን ይዞ በሚሄድበት ጽሕፈት ቤት። ሰንደቁ የሚሰቀለውም በዚያው ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ላይ ነው። ጽሕፈት ቤቱ የእኔ ነው የማይል ሰው ደጃፉ ላይ የተሰቀለውን ምልክት በሙሉ ልብ የእኔ ነው ሊል ይከብደዋል። ስለዚህ የምልክቱ ጥያቄ ከአወቃቀሩ ጥያቄ ተነጥሎ ሊፈታ አይችልም ባይ ነኝ። ይህንንም ለማሳየት የሰሜን ሸዋን ደጋ፣ በተለይም መንዝን፣ ግሼንና መርሐቤቴን እንደ መመልከቻ እወስዳለሁ፤ ለንጽጽር ደግሞ ከደቡብ አሜሪካ ቦሊቪያን እጠቅሳለሁ።

ሕጉ ምን ይላል?

ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ጸድቆ ነሐሴ 15 ቀን 1987 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው ሕገ መንግሥት ስለ ሰንደቅ ዓላማ የሚናገረው ገና በአንቀጽ 3 ነው፤ ስለ ሕዝብ ሉዓላዊነት ከሚደነግገው አንቀጽ 8 አስቀድሞ። ሰንደቅ ዓላማው ከላይ አረንጓዴ፣ ከመካከል ቢጫ፣ ከታች ቀይ ሆኖ በመሐሉ ብሔራዊ ዓርማ ይኖረዋል። ዓርማው የብሔሮች፣ ብሔረሰቦች፣ ሕዝቦችና ሃይማኖቶች በእኩልነትና በአንድነት ለመኖር ያላቸውን ተስፋ የሚያንጸባርቅ መሆን እንዳለበት ተደንግጓል። የፌዴሬሽኑ አባላት የየራሳቸው ሰንደቅ ዓላማና ዓርማ ሊኖራቸው እንደሚችልም ይኸው አንቀጽ ይፈቅዳል። አንቀጽ 4 ስለ ብሔራዊ መዝሙር፣ አንቀጽ 5 ስለ ቋንቋ ይደነግጋሉ።

አወቃቀሩን በተመለከተ አንቀጽ 45 ሥርዓቱን ፓርላሜንታዊ ያደርገዋል። ከ550 የማይበልጡ አባላት ያሉት የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ከፍተኛው የፌዴራል ሥልጣን አካል ነው። የፌዴሬሽን ምክር ቤት ደግሞ ሕገ መንግሥቱን ይተረጉማል፤ እያንዳንዱ ብሔር፣ ብሔረሰብና ሕዝብ ቢያንስ አንድ ወኪል ሲኖረው፣ በየአንድ ሚሊዮን ሕዝብ አንድ ተጨማሪ ወኪል ይሰጠዋል። ፕሬዚዳንቱ ርዕሰ ብሔር ሲሆን አስፈጻሚው ሥልጣን የጠቅላይ ሚኒስትሩና የሚኒስትሮች ምክር ቤት ነው። አንቀጽ 47 ዘጠኝ ክልሎችን ዘርዝሯል፤ ሲዳማ፣ ደቡብ ምዕራብ፣ ደቡብ ኢትዮጵያና ማዕከላዊ ኢትዮጵያ ከቀድሞው የደቡብ ክልል ከተደራጁ በኋላ ዛሬ ክልሎቹ አሥራ ሁለት ናቸው። አንቀጽ 50 ንዑስ አንቀጽ 4 ደግሞ ለዝቅተኛው የአስተዳደር እርከን፣ ሕዝቡ በቀጥታ ይሳተፍ ዘንድ፣ በቂ ሥልጣን እንዲሰጥ ያዝዛል። ብዙ ጊዜ የማይጠቀሰው ይህ ንዑስ አንቀጽ ለዚህ ጽሑፍ ዋና መያዣ ነው።

ዛሬ የምናየው ዓርማ በ1988 ዓ.ም. የተወሰነ ነው። ሰማያዊው ክብ ሰላምን፣ ቀጥታና እኩል ከሆኑ መስመሮች የተሠራው ኮከብ የሕዝቦችንና የሃይማኖቶችን እኩልነትና በመፈቃቀድ የተመሠረተ አንድነትን፣ ከኮከቡ የሚፈነጥቀው ቢጫ ጨረር ብሩህ ተስፋን እንዲያመለክቱ ታስቦ ተቀርጿል። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሰንደቅ ዓላማ አዋጅ ቁጥር 654 ዓርማ የሌለውን ሰንደቅ መጠቀም ከከለከላቸው ድርጊቶች አንዱ አድርጎ ቅጣት ደነገገበት። በየዓመቱ በጥቅምት ወር የሚከበረው የሰንደቅ ዓላማ ቀንም የዚሁ የሕግ ማዕቀፍ አካል ነው።

የጸኑትና ያልጸኑት

የመንዝን፣ የግሼንና የመርሐቤቴን የአስተዳደር ታሪክ ከብሔራዊ ምልክቶች ታሪክ ጎን ለጎን ያስቀመጠ ተመራማሪ አንድ ነገር ወዲያው ያስተውላል። በሁለቱም በኩል የሚለዋወጥ ክፍል አለ፤ በሁለቱም በኩል የሚጸና ክፍል አለ።

ከምልክቶቹ እንጀምር። በዐፄ ምኒልክ ዘመን በ1890 ዓ.ም. የሦስቱ ቀለማት ሰንደቅ የመንግሥቱ መለያ ሆነ። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን መንግሥት ዘውድ የደፋውን የይሁዳ አንበሳ ዓርማ ሲጠቀም፣ ዓርማ የሌለበት ባለ ሦስት ቀለም ሰንደቅ ደግሞ በሕዝቡ እጅ ይውለበለብ ነበር። ደርግ በመጀመሪያ ዘውዱን ከአንበሳው ራስ አነሳ፤ ቀጥሎም አንበሳውን ራሱን አስወገደ፤ በ1979 ዓ.ም. በሕዝበ ውሳኔ ከጸደቀው ሕገ መንግሥት ጋርም የሕዝባዊ ሪፐብሊኩ ዓርማ መጣ። ከ1983 ዓ.ም. ለውጥ በኋላ ያ ዓርማ ተነሥቶ የአሁኑ ተተካ። መዝሙሩም እንዲሁ ነው፤ ኬቮርክ ናልባንዲያን ዜማውን የደረሰው የዘውዱ መዝሙር በደርግ ዘመን በሌላ ተተካ፤ የደርጉም በ1984 ዓ.ም. ዛሬ ለምንዘምረው ቦታውን ለቀቀ። ሦስት ሥርዓቶች፣ ሦስት ዓርማዎች፣ ሦስት መዝሙሮች አለፉ። አረንጓዴው፣ ቢጫውና ቀዩ ግን አልተነኩም።

ወደ አስተዳደሩ እንምጣ። በ1934 ዓ.ም. የወጣው የአስተዳደር ድንጋጌ አገሪቱን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ አደራጀ። በዚህ ሥርዓት መንዝና ግሼ አንድ አውራጃ፣ መርሐቤቴም ሌላ አውራጃ ሆነው በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። ደርግ ጠቅላይ ግዛቱን ክፍለ ሀገር አለው። በኋላ ሸዋ ተከፋፍሎ ሰሜን ሸዋ ራሱን የቻለ የአስተዳደር አካባቢ ሆነ። የሽግግር መንግሥቱ በ1984 ዓ.ም. ባወጣው አዋጅ ቁጥር 7 አሥራ አራት ብሔራዊ ክልላዊ አስተዳደሮችን ሲያቋቁም የቀድሞው ሸዋ በተለያዩ ክልሎችና በአዲስ አበባ መካከል ተከፋፈለ፤ አውራጃ የሚባለውም እርከን ቀረ። ዛሬ ሰሜን ሸዋ የሚባል ዞን በአማራ ክልልም በኦሮሚያ ክልልም አለ፤ አንዱ በደብረ ብርሃን፣ ሌላው በፍቼ ይመራል።

ላይኛውና መካከለኛው እርከን እንዲህ በተደጋጋሚ ሲፈርስና ሲሠራ የታችኛው ስም ጸንቷል። መንዝን አቀኑ ተብለው በአፈ ታሪክ የሚነገርላቸው የማማ፣ የላሎና የጌራ ስሞች ዛሬ በመንግሥት ማኅተም ላይ ይገኛሉ፤ ሞላሌ የመንዝ ማማ ምድር፣ ወገሬ የመንዝ ላሎ ምድር፣ መሐል ሜዳ የመንዝ ጌራ ምድር ወረዳ ዋና ከተሞች ናቸው። ዘመሮ የመንዝ ቀያ ገብርኤል፣ ራቤል የግሼ፣ ዓለም ከተማም የመርሐቤቴ ዋና ከተማ ነው። ዘውዱም፣ አብዮቱም፣ ፌዴሬሽኑም እነዚህን ስሞች አልፈጠሯቸውም። ሁሉም ከሕዝቡ አፍ ተቀብለው መዝገብ ላይ አሰፈሯቸው።

እንግዲህ የጸኑት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ ቀለማቱና የአካባቢ ስሞቹ። ያልጸኑትም ሁለት ናቸው፤ ዓርማውና መካከለኛው የአስተዳደር እርከን። የጸኑትን ሕዝቡ ያለ አዋጅ ይሸከማቸዋል። ያልጸኑትን ግን እያንዳንዱ ሥርዓት ከማዕከል ቀርጾ አውርዷቸዋል፤ የቀረጻቸው ሲሄድ አብረው ሄደዋል። ከዚህ ተነሥቼ አንድ መላ ምት አቀርባለሁ፦ የአንድ ምልክት ዕድሜ የሚወሰነው በትርጉሙ ውበት ሳይሆን ከታች ባለው ተቀባይነት ነው። የዛሬው ዓርማ የተሸከመው ትርጉም፣ እኩልነትና በፈቃድ የተመሠረተ አንድነት፣ ማንም ቅን ሰው የሚጠላው አይደለም። ችግሩ ትርጉሙን በየቀኑ የሚያረጋግጥለት ተቋም ከታች አለመኖሩ ነው።

ቀዩ ቀለም የት ነው የሚገኘው?

ቀዩ ቀለም ለነጻነት የተከፈለውን መሥዋዕትነት ያመለክታል ተብሎ በትምህርት ቤት ይነገራል። ለመንዝና ለአካባቢው ይህ አባባል የሚዳሰስ ቦታ አለው። በጣሊያን ወረራ ዘመን ይህ ደጋ ራስ አበበ አረጋይ የመሯቸው የሸዋ አርበኞች መናኸሪያ ነበር። በሚያዝያ 1931 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር በዘረት አካባቢ በሚገኘው አመጸኛ ዋሻ የተጠጉትን አርበኞችና አብረዋቸው የነበሩ ቤተሰቦቻቸውን ከብቦ በመርዝ ጋዝ አጠቃ፤ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች አለቁ። የአካባቢው ሰው ይህን ሲያስታውስ ቢኖርም ጉዳዩ በምሁራን ጽሑፍ በስፋት የታወቀው በዚህ በያዝነው የአውሮፓውያን መቶ ዓመት ነው። የአንድ አገር ሰንደቅ ቀይ ቀለም ማስረጃ የሚገኝበት ዋሻ ከብሔራዊ የመታሰቢያ ካርታ ዳር ሆኖ መቆየቱ በምልክትና በአካባቢ መካከል ያለውን ክፍተት ያሳያል።

በዚህ ቦታ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የሸዋ መሳፍንት ሐረግ መነሻው ነጋሢ ክርስቶስ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ የተነሣው ከመንዝ ነው። ከዚያ ሐረግ የወጣው ምኒልክ የዛሬዋን ኢትዮጵያ ወሰን በቀረጸው የግዛት ማስፋፋት ውስጥ የነበረው ድርሻ የታወቀ ነው። ስለዚህ ለመንዝ ሰው የነጻነት መታሰቢያ የሆነው ልሙጥ ሰንደቅ በሌላ የአገሪቱ ክፍል ለሚኖር ሰው መሬቱን ያጣበትን ዘመን ሊያስታውሰው ይችላል። ይህን ስሜት አላዋቂነት ነው ብሎ ማለፍ የምርምርም የዜግነትም ጉድለት ነው። ከመንዝ ሲታይ ያልሁት ከመንዝ ብቻ ይታይ ማለቴ አይደለም። ይልቁንም አንድ ምልክት ከየአካባቢው ሲታይ የተለያየ መልክ እንዳለው ለማሳየት አንዱን አካባቢ በዝርዝር መውሰድ ስለሚያስፈልግ ነው።

ጽሕፈት ቤቱ የማን ነው?

በአማራ ክልል የ1994 ዓ.ም. የተሻሻለ ሕገ መንግሥት መሠረት ወረዳና ቀበሌ የተመረጡ ምክር ቤቶች አሏቸው። ዞን ግን፣ ከብሔረሰብ ዞኖች በስተቀር፣ የክልሉ አስፈጻሚ ክንድ እንጂ በሕዝብ የተመረጠ ምክር ቤት ያለው አካል አይደለም። ስለዚህ የሞላሌ ወይም የዓለም ከተማ ነዋሪ ስለ መንገድ፣ ስለ ሆስፒታል፣ ስለ መብራት መስመር በደብረ ብርሃን የሚወሰነውን በድምፁ የሚቆጣጠርበት ቀጥተኛ መንገድ የለውም። የቀድሞው አውራጃም ቢሆን ይህን መብት አልሰጠም፤ በ1958 ዓ.ም. የአውራጃ ራስ ገዝ አስተዳደር ትእዛዝ ቢወጣም አስፈላጊው የገንዘብ ሕግ በፓርላማው ሳይጸድቅ ሐሳቡ መክኖ ቀርቷል። እንግዲህ በሦስቱም ሥርዓቶች መካከለኛው እርከን ከላይ ወደ ታች ትእዛዝ የሚወርድበት መሰላል ሆኖ ኖሯል።

በ1994 ዓ.ም. የተጀመረው የወረዳ ያልተማከለ አስተዳደር በቀመር የሚከፋፈል ጥቅል በጀት ለወረዳዎች በመስጠት ተስፋ አሳድሮ ነበር። ሆኖም ሥልጣን ያለ ምርጫ ሙሉ አይሆንም። የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤቶች ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በ2013 ዓ.ም. የተካሄደው ምርጫ የተወካዮችና የክልል ምክር ቤቶችን ብቻ የሚመለከት ነበር። ይህ ማለት በ2005 ዓ.ም. ገና የመምረጫ ዕድሜ ያልደረሰ ወጣት ዛሬ የልጆች አባት ሆኖም የቀበሌውን ምክር ቤት መርጦ አያውቅም ማለት ነው። በዚህ ላይ በ2014 ዓ.ም. መግቢያ እስከ ሰሜን ሸዋ የደረሰው ጦርነት፣ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህም በክልሉ የተቀሰቀሰው ግጭት የታችኛውን አስተዳደር ይበልጥ አዳክመውታል። በአንቀጽ 50 የተጻፈው ቃል ኪዳን በዚህ ሁኔታ ውስጥ ባለበት ጊዜ በአንቀጽ 3 የተጻፈው ዓርማ የእኩልነትና የመፈቃቀድ ምልክት ነው ብሎ ማስተማር ለመምህሩም ለተማሪውም ከባድ ነው።

የደጋው ሕዝብ ራሱን ማስተዳደር የማይችል፣ ከላይ ካልታዘዘ የማይሠራ ነው የሚል ካለ የጓሳን ታሪክ ይመልከት። በመንዝ ከፍታ ላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርሰው የጓሳ ሣር ምድር ቀሮ በሚባል ሥርዓት ለዘመናት በጋራ ሲጠበቅ ኖሯል። የአስቦና የጌራ ባለ ርስቶች በመረጧቸው አለቆች እየተመሩ መሬቱን ለተከታታይ ዓመታት ይዘጉት፣ ጊዜው ሲደርስ ለሣር አጨዳና ለግጦሽ ይከፍቱት፣ ደንቡን የጣሰውንም ይቀጡት ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ የርስትን ሥርዓት ሲሽር ቀሮም መሠረቱን አጣ። ሕዝቡ ግን ቆይቶ ጥበቃውን በኮሚቴ መልክ መልሶ አደራጀ፤ ሥፍራውም በክልሉ ሕግ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ታወቀ። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዛሬ እዚያ የሚታዩት በዚህ ምክንያት ነው። ቀሮ ሁሉንም እኩል ያደረገ ሥርዓት አልነበረም፤ ርስት የሌለው ሰው በጋራው ሀብት ላይ የነበረው ድርሻ የባለ ርስቱን ያህል አልነበረም። ቢሆንም አንድ ትምህርት ይሰጣል፦ ደንቡን ራሱ ያወጣ ሕዝብ፣ ሥርዓት ቢለወጥም፣ ደንቡን እንደገና ያነሣዋል።

ከቦሊቪያ ምን እንማር?

ቦሊቪያ ከእኛ በውቅያኖስ የተለየች ብትሆንም ለዚህ ጥያቄ ቅርብ ናት። የሰንደቋ ቀለማት እንደ እኛው ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ ናቸው፤ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ይገለበጣል። ደጋ አገር ናት፤ የብዙ ሕዝቦችና ቋንቋዎች አገርም ናት። እ.ኤ.አ. በ2009 በሕዝበ ውሳኔ ያጸደቀችው ሕገ መንግሥት አገሪቱን የብዙ ብሔሮች መንግሥት ብሎ ይጠራታል፤ ከስፓኒሽ ጋር 36 የነባር ሕዝቦች ቋንቋዎችን የመንግሥት ቋንቋዎች ያደርጋል። አወቃቀሯ ፕሬዚዳንታዊ ነው፤ ዘጠኝ ክፍላተ ሀገር፣ 130 አባላት ያሉት የተወካዮች ምክር ቤትና 36 አባላት ያሉት ሴኔት አሏት። ሕገ መንግሥታዊ ዋና ከተማዋ ሱክሬ ስትሆን የመንግሥቱ መቀመጫ ላ ፓዝ ናት።

ለእኛ ሦስት ነገሮች ትኩረት ይስባሉ። አንደኛ፣ በቦሊቪያ ልማድ ዜጎች ዓርማ የሌለበትን ባለ ሦስት ቀለም፣ መንግሥት ደግሞ ዓርማ ያለበትን ሰንደቅ ይጠቀማሉ፤ አንዱ የሌላው ተቀናቃኝ ተደርጎ አይታይም። ሁለተኛ፣ ሕገ መንግሥቱ ከሦስት ቀለሙ ሰንደቅ ጎን የአንዲስ ነባር ሕዝቦችን ባለ ብዙ ቀለም ሰንደቅ ዊፋላን፣ እንዲሁም የደጋውን የካንቱታንና የቆላውን የፓቱሁን አበባ ብሔራዊ ምልክቶች ብሎ ይዘረዝራል። ሦስተኛ፣ የክፍለ ሀገር፣ የአካባቢ፣ የማዘጋጃ ቤትና የነባር ሕዝቦች ራስ ገዝ አስተዳደሮች አንዱ የሌላው የበታች እንዳይሆን፣ ሁሉም በሕገ መንግሥቱ እኩል ደረጃ እንዲኖራቸው ይደነግጋል። ቻራጓ የተባለችው አካባቢ እ.ኤ.አ. በ2017 በዚህ መሠረት የመጀመሪያዋ የነባር ሕዝብ ራስ ገዝ አስተዳደር ሆናለች።

ቦሊቪያን እንደ ገነት መሳል ግን አይገባም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2019 ፕሬዚዳንት ኤቮ ሞራሌስ ከሥልጣን ሲለቁ አንዳንድ ፖሊሶች ዊፋላን ከደንብ ልብሳቸው ላይ ቆርጠው ሲጥሉ ታይተዋል፤ ሰንደቁ ተቃጥሏል፤ ቁጣውም ደም ወደ ፈሰሰበት ግጭት ተቀላቅሏል። ምልክትን በሕገ መንግሥት መዘርዘር ብቻውን ልብን አያስማማም ማለት ነው። ሆኖም ምልክቱ ሕጋዊ እኩልነት ስለነበረው የተዋረደው ወገን ይቅርታ የሚጠይቅበት መሠረት ነበረው፤ ፖሊስም በይፋ ይቅርታ ጠይቋል። ሕግ መፋቀርን ባያመጣም መካካስን ያስችላል።

ምን ይደረግ?

ክርክሩን ለማርገብ በመጀመሪያ ሦስት የተለያዩ ጥያቄዎችን መለየት ይገባል፤ በአደባባይ ክርክር ሦስቱም በአንድ ሙቀጫ ስለሚወቀጡ።

የመጀመሪያው፣ ከሰንደቅ ዓላማው ላይ ዓርማ ይነሣ ወይ የሚለው ነው። ይህ አንቀጽ 3ን መለወጥ ስለሆነ የአንቀጽ 105ን ከባድ መንገድ ይጠይቃል፤ የሁለቱ ምክር ቤቶች የጋራ ስብሰባ በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ሊያጸድቀው፣ ከክልል ምክር ቤቶችም ሁለት ሦስተኛው ሊቀበሉት ግድ ነው። ሁለተኛው፣ የዓርማው ቅርጽ ይለወጥ ወይ የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ ዓርማው ማንጸባረቅ ያለበትን ተስፋ እንጂ ኮከብ መሆኑን አልደነገገም፤ ስለዚህ ቅርጹ በተራ ሕግ ሊለወጥ ይችላል። ሦስተኛው፣ ልሙጡን ሰንደቅ የያዘ ዜጋ ይቀጣ ወይ የሚለው ነው። ሕገ መንግሥቱ የመንግሥቱ ሰንደቅ የትኛው እንደሆነ ይናገራል፤ ሌላውን የያዘ ይቀጣ አይልም። ቅጣቱን ያመጣው አዋጁ ነው፤ ሊያነሣውም የሚችለው አዋጅ ነው።

ከዚህ በመነሣት የመጀመሪያው ሐሳቤ የመንግሥት አጠቃቀምና የዜጋ አጠቃቀም ይለይ የሚል ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በኤምባሲ፣ በሠራዊት ዘንድ ዓርማ ያለው ሰንደቅ ይሰቀል፤ ዜጋው ግን በበዓሉ፣ በሐዘኑ፣ በአደባባዩ ልሙጡን ስለያዘ ወንጀለኛ አይባል። ይህ ከራሳችን የንጉሠ ነገሥት ዘመን ልማድም፣ ከቦሊቪያም ልምድ ጋር ይገጥማል። ይህ ለአንድ ወገን ማድላት ነው የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ዓርማውን የእኩልነቱ ዋስትና አድርጎ የሚያየው ዜጋ ግን ምንም አይጎድልበትም፤ መንግሥቱ የሚታወቅበት ሰንደቅ ዓርማውን እንደያዘ ይቀጥላልና። ልሙጡን የሚወድደውም መውደዱ አያስከስሰውም። አንድን ምልክት በቅጣት የሚያስከብር መንግሥት ምልክቱን የራሱ ብቻ ያደርገዋል፤ ከዚያ በኋላ መንግሥቱን የተቃወመ ሁሉ ምልክቱን መቃወም ግዴታው ይመስለዋል።

ሁለተኛው ሐሳቤ የአካባቢ ምርጫ ከሰንደቅ ክርክሩ እኩል ትኩረት ይሰጠው የሚል ነው። ጸጥታ በሰፈነባቸው ወረዳዎች ምርጫውን ማዘግየት ምክንያት የለውም፤ ጸጥታ በሌለባቸውም ቢሆን መቼና በምን ቅድመ ሁኔታ እንደሚካሄድ ለሕዝብ መገለጽ አለበት። ዞኑም በተዘዋዋሪ እንኳ፣ ከወረዳ ምክር ቤቶች በሚላኩ ተወካዮች፣ የሚቆጣጠረው ጉባኤ ሊኖረው ይገባል፤ ይህ በክልሉ ሕገ መንግሥት ማሻሻያ ሊፈጸም የሚችል ነው። እርከን ማብዛት ወጪ ያበዛል የሚለው ሥጋት ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዞኑ በጀትና ሠራተኛ ይዞ አሁንም አለ። የጎደለው ተጠሪነቱ ነው።

ሦስተኛው ሐሳቤ የአካባቢ መታሰቢያዎች የብሔራዊ ምልክቶች ትምህርት አካል ይሁኑ የሚል ነው። በመንዝ ያለ ተማሪ ስለ ቀዩ ቀለም ሲማር አመጸኛ ዋሻን፣ ስለ አረንጓዴው ሲማር ጓሳን ይማር። በጅማ፣ በወላይታ፣ በአፋር፣ በጋምቤላ ያለውም ተማሪ እንዲሁ በአጠገቡ ካለው ይጀምር፤ የሚያመው ታሪክ ካለም ያው አብሮ ይነገረው። እንዲህ ሲሆን ሦስቱ ቀለማት ከአንድ ማዕከል የወረዱ መሆናቸው ቀርቶ ከብዙ ቦታ የተዋጡ ይሆናሉ።

ለተመራማሪዎች የሚቀር የቤት ሥራ

በ2014 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1265 የተቋቋመው የአገራዊ ምክክር ኮሚሽን አጀንዳ ሲሰበስብ የሰንደቅ ዓላማና የመንግሥት አወቃቀር ጉዳዮች በአደባባይ ሲነሡ ቆይተዋል። እነዚህን ጉዳዮች የምናጠና የድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ግን ብዙውን ጊዜ ለክርክሩ የምናቀርበው የሕግ አንቀጽ ንጽጽር ብቻ ነው። የሚጎድለው ከታች የተሰበሰበ ማስረጃ ነው። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች ቃለ ጉባኤ ምን ያህል ጊዜ ከላይ የመጣ ውሳኔን ቀይሯል? የቀድሞዎቹ የመንዝና ግሼ፣ የመርሐቤቴ አውራጃ ጽሕፈት ቤቶች መዛግብት የት ይገኛሉ? በየትኛው ትምህርት ቤት፣ በየትኛው ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ፣ በየትኛው የገበያ ቀን የትኛው ሰንደቅ ይታያል? ሰውስ ስለዚያ ምን ይላል? እነዚህ ጥያቄዎች ውድ መሣሪያ አይጠይቁም፤ ማስታወሻ ደብተር፣ ትዕግሥትና የሽማግሌ ምርቃት ይበቃቸዋል።

መዛግብቱ በእርጥበትና በግጭት እየጠፉ ነው፤ የአርበኝነቱን ዘመን፣ የአውራጃውን አስተዳደርና የቀሮን ሥርዓት በዓይናቸው ያዩ አረጋውያንም እያለፉ ነው። የመመረቂያ ጽሑፋችንን ርእስ ስንመርጥ ቢያንስ አንዱን የወረዳ መዝገብ ቤት ብንከፍት ቀጣዩ የሕገ መንግሥት ክርክር ከዛሬው የተሻለ ማስረጃ ይዞ ይቀርባል።